ግማሽ የተከፈተው ቫልቭ

ኮምቦልቻ በምሠራበት ፋብሪካ የእንፋሎት መስመሩ ቦል ቫልቭ (ቀዳዳ ያለው ኳስ በእጀታ ሲዞር የሚከፈትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ) ቢዘጋም ያፏጭ ነበር። ሁለት ጊዜ በአዲስ ቀየርነው፤ አልተሻለም። ሦስተኛውን ፈትቼ ሳየው ኳሱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ኳሱን ዙሪያውን የሚያሽገው ነጩ የቴፍሎን ቀለበት ግን በአንድ በኩል አይጥ የበላው መስሏል። ለካስ ሠራተኞቹ እንፋሎቱን ለመመጠን እጀታውን ግማሽ ላይ ይተዉት ኖሯል! በጠባቡ ክፍተት የሚምዘገዘገው እንፋሎት ቀለበቱን ቦርቡሮታል።

አካሉ ላይ የተቀረጸው «1000 ደብልዩኦጂ» እኔንም አታሎኛል፤ ቁጥሩ በመደበኛ ሙቀት ለውሃ፣ ለዘይትና ለጋዝ የሚፈቀደው ግፊት በፒኤስአይ (በፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ የእንፋሎት አይደለም። የእኛው እንፋሎት ግን ግፊቱ 8 ባር፣ ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

አሁን ለመመጠኛ ግሎብ ቫልቭ፣ ለመዝጊያ ደግሞ ለእንፋሎት የተሠራ ቦል ቫልቭ ገጥሜያለሁ። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም «ወይ ክፈት ወይ ዝጋ» ብዬ ጽፌበታለሁ።