በጎንደር የማኅበረሰብ ቴአትር ለሚያዘጋጁ፦ የልምምድ ጊዜ አቆራረጥ

በጎ ፈቃደኛ ተዋንያንን ይዞ ቴአትር የሚያዘጋጅ ሰው ከጽሑፈ ተውኔቱ ምርጫ እንኳ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው ተዋንያኑ መቼ መገኘት እንደሚችሉ ነው፤ ክፍያ የሌለው ተዋናይ ሱቁን ዘግቶ ወይም ከትምህርቱ ቀርቶ አይመጣምና አዘጋጁ ይህን እንደ ስንፍና ሊቆጥርበት አይገባም።

በጎንደር ሥራውን ለመጀመር የሚመቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ከሚወርዱበት ከጥር 10 ጀምሮ እስከ ቃና ዘገሊላ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ልምምድ አይታሰብም። በዓሉ ሲያልፍ ንባቡ ይጀመር፤ ሁዳዴ ሲገባ ወደ መድረክ እንቅስቃሴ ይታለፍ፤ ቴአትሩ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ይታይ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የመክፈቻው ዕለት የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ታይቶ ይቆረጣል እንጂ ካለፈው ዓመት ዕቅድ አይገለበጥም። በ55ቱ የጾም ቀናት ከሰዓት በኋላ ድረስ እህል የማይቀምሱ ተዋንያን ስለሚኖሩ ልምምዱ ወደ ምሽት ቢዞር ይሻላል፤ እስክስታና ማሲንቆ ያለባቸው ትዕይንቶችም ከፋሲካ በኋላ እንዲለመዱ ቢደረግ ከወላጆች ጋር ክርክር አይነሣም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ የምሽቱ ሰዓት ከአፍጥር ጋር እንዳይጋጭ ሙስሊም ተዋንያንን ማማከር ያስፈልጋል።

ትዕይንቱን ወደ ሰኔ መግፋት አይመከርም። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ዝናብ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጠው ተመልካች ቃለ ተውኔቱን አይሰማም፤ ማይክራፎንም ቢሆን ሁካታውን ከመጨመር በቀር ብዙ አይረዳም።

ገጸ ባሕርያት ሲታደሉ፣ ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ ተውኔት ይልቅ መካከለኛ ድርሻዎች የበዙበት ይመረጥ፤ ለዋና ዋናዎቹም ተለዋጭ ተዋናይ አብሮ ይለማመድ። በእያንዳንዱ ምሽት የሚጠሩት የዕለቱ ትዕይንት ተዋንያን ብቻ ይሁኑ፤ ሁለት መስመር ለመናገር ሲል ሙሉ ምሽት ግድግዳ ተደግፎ ያመሸ ሰው በሳምንቱ ይቀራል፤ አይፈረድበትምም።

አዝማሪ የሚሳተፍ ከሆነ በቦታው ግጥም መፍጠር ልማዱ ስለሆነ፣ በየትኛው ቃል ወይም ምልክት እንደሚያቆም አስቀድሞ ይስማሙ፤ አለዚያ ተዋናዩ ተራውን ሲጠብቅ ይቆያል (ተመልካቹ ይህን አይጠላውም)። በመጨረሻው ሳምንት መብራት እንደጠፋ ተቆጥሮ አንድ ሙሉ ልምምድ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በባትሪ መብራት ይካሄድ፤ አዘጋጁም የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያልሰማቸውን ቃላት ይመዝግብ።