በስፖርት እንጀራ ለመብላት ከፊሽካ ጀምሩ

በስፖርት ዘርፍ መሥራት የሚመኝ ወጣት ሞልቷል። አብዛኛው የሚያስበው ግን ወይ ጋዜጠኝነትን ወይ የተጫዋች ወኪልነትን ነው። ሁለቱም ጋ ወረፋው ረጅም ነው። ሰው የሚሸሸው በር ዳኝነት ነው። ስድብ አለበታ! እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው እሱኑ ነው። ሕግ ለማወቅና ለመሮጥ ዘመድ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ

የእግር ኳስ ሕግ 17 አንቀጽ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። እስቲ ይህን መልሱ፦ የእጅ ውርወራ ተወረወረ፤ ኳሷ ማንንም ሳትነካ ተጋጣሚ መረብ ውስጥ ገባች። ጎል ነው? አይደለም፣ የመልስ ምት ነው። በወርዋሪው ቡድን ግብ ብትገባስ? የማዕዘን ምት። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ኳስ የተቀበለ አጥቂስ ከጨዋታ ውጪ ይባላል? በፍጹም። ሦስቱንም ካልመለሳችሁ፣ ከኮርሱ በፊት ንባብ ይቀራችኋል።

ኮርሱን ፈልጉ

የጀማሪ ዳኞችን ኮርስ የሚያዘጋጁት የከተማና የክልል እግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ናቸው። ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ጥሩ ነው። ከዚያ የሚሻለው ግን እሁድ ጠዋት ሰፈር ሜዳ ላይ የሚያጫውተውን ዳኛ ጨዋታው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ ማናገር ነው። ኮርሱ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚመዘግብ ይነግራችኋል። ዳኛን በትህትና የሚያናግር ሰው ብርቅ ስለሆነ ደስ ይለዋል።

እግራችሁን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለኢንተርናሽናል ወንድ ዳኞች ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፊፋ ፈተና ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ 40 ሜትር ስድስት ጊዜ መሮጥ ነው፤ እያንዳንዱ ከ6 ሰከንድ እንዳይበልጥ። ቀጥሎ 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በ18 ሰከንድ መራመድ፤ ይህ 40 ጊዜ ይደጋገማል። በ400 ሜትር መም 10 ዙር ማለት ነው። የጀማሪ መስፈርት ከዚህ ይቀላል። ቢሆንም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ትንፋሽ ትፈትናለች። በሦስት አራት ዙር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው መሮጥ የጀመረ ሰው ጡንቻውን ይዞ ነው የሚመለሰው።

ሕፃናትን አጫውቱ

መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የታዳጊ ፕሮጀክት ጨዋታ ነው። ክፍያው ከትራንስፖርት ብዙም አያልፍም። ሁለት ፊሽካና ሁለት የእጅ ሰዓት ያዙ። አንዱን ሰዓት ጨዋታ ሲቋረጥ ታቆሙታላችሁ፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቆጥራል። ቢጫ ካርዱን ደረት ኪስ፣ ቀዩን ቁምጣ ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ ሲጨንቃችሁ እጃችሁ አይሳሳትም። ለቀላል ጥፋት አጭር ፊሽካ፣ ለከባዱ ጠንከር ያለ። ተጫዋቹ ካርድ ከማየቱ በፊት ከድምፁ ይገባዋል። ከልጆቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት ወላጆች ናቸው፤ እነሱን መልመድ ራሱ ትምህርት ነው።

ሥራችሁን አትልቀቁ

ደረጃው እስከ ፌዴራል፣ ከዚያም እስከ ኢንተርናሽናል ዳኛ ይሄዳል፤ ዓመታት ይፈጃል። በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ለዳኝነት የተመረጠችው ሊዲያ ታፈሰ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። በአምላክ ተሰማ ደግሞ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። እዚያ ባትደርሱም ሜዳው ብዙ ሥራ ያሳያችኋል፦ ጨዋታውን የሚታዘብ ኮሚሽነር፣ ወጌሻ፣ ቡድን መሪ፣ የውድድር ክፍል ሠራተኛ። በየሳምንቱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስለምትገናኙ ክፍት ቦታ ሲኖር ቀድማችሁ ትሰማላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከ13 ዓመት ጀምሮ በጀማሪ ዳኝነት መመዝገብ ትችላላችሁ።

ሪፖርት ሳታድሩ ጻፉ

ቀይ ካርድ ከሰጣችሁ ደቂቃውን፣ የማሊያ ቁጥሩን፣ ተጫዋቹ ያደረገውን ብቻ አስፍሩ። «ባለጌ ነው» አይጻፍም፤ «በ63ኛው ደቂቃ 8 ቁጥር ኳስ በሌለበት ተጋጣሚውን በክርን መታ» ይጻፋል። ውድድር ክፍል ያለው ሰው ጨዋታውን አላየም። እናንተን የሚያውቃችሁ በዚያች ወረቀት ነው።