ጭሱ ወደ ቤት ሲመለስ፦ የምድጃና የጭስ ማውጫ ችግርና መፍትሄ

የደሴን ብርድ ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ እሳት የሌለበት ቤት አያስቀምጥም። ወደ ደላንታና ወደ ወረኢሉ ሲወጡ ደግሞ ይብሳል።

የድሮው ማድ ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሰርጎ ይወጣል። ጥቀርሻው ከወራጁ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሲበዛም በረጅም እንጨት ይራገፋል። አሁን ግድግዳ ላይ ምድጃ የሚያስገነባ፣ ማድ ቤቱ ላይ የቆርቆሮ ቱቦ የሚያስተክል ሰው በዝቷል። ለዓይንም ለሳንባም ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ጥቀርሻው አልቀረም። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከዓይናችን ተሰወረ እንጂ። ስለዚህ ውስጡን በምልክቱ ማወቅ አለብን።

ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል

መጀመሪያ «መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እሳቱ ሲቀጣጠል ብቻ ከሆነ፣ ጭሱን የሚገፋው ቱቦው ውስጥ ያደረው ቀዝቃዛ አየር ነው። የቱቦው መዝጊያ መከፈቱን እዩ። ከዚያ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለኩሱና ወደ ቱቦው አፍ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት። ነበልባሉ ወደ ላይ ሲሳብ ጭራሮውን አያይዙ።

ሁልጊዜ ከሆነና ቤቱ አዲስ ከሆነ፣ መስኮቱን ጠርጥሩ። እሳት አየር ይፈልጋል። የጭቃ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። በአሉሚኒየም መስኮት የታሸገ ቤት ግን አየር የሚገባበት የለውም፤ በጭስ ማውጫው በኩል መልሶ ይስባል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱት።

ነፋስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ጭስ ማውጫው አጥሯል። ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው የጣሪያ ክፍል ደግሞ በ60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ።

ድንገት ዘንድሮ የጀመረ ከሆነስ? የእኛ ቤት እንዲህ ሆነ። ሳምንት ሙሉ ማገዶውን ስንረግም ከረምን። በኋላ ግንበኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲያይ፣ ለካ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጭራሮና ሣር ወጣ። አናቱ ላይ ቆብ፣ ዙሪያውን የሽቦ ወንፊት አሠሩለት። የወንፊቱ ቀዳዳ በጣም አይጥበብ፣ በጥላሸት ይደፈናል።

ጥቀርሻው ሬንጅ መስሏል

እሳት በሌለበት ሰዓት ባትሪ አብርታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ዱቄት የመሰለ፣ ሲነኩት የሚረግፍ ጥላሸት ከሆነ አብሽሩ፣ በሽቦ ብሩሽ ይወርዳል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና የተጣበቀ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክሪዮሶት ይባላል። በደንብ ያልነደደ ጭስ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ፣ እንፋሎት አክንባሎ ላይ ወደ ውሃ እንደሚለወጠው ያለ ነው። ይኼኛው ግን ረግቶ ይቀራል፣ እሳት ሲያገኝም ይነድዳል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ እንጨት ነው። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ጉልበቱን ውሃውን በማትነን ይጨርሳል፤ ጭሱም ቀዝቅዞ ይወጣል። ማገዶ ለእሳት ደረሰ የሚባለው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ሁለት ፍልጥ አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጫፉም ተሰነጣጥቋል። እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ነው ያለው።

እኛ ጋ ደግሞ በልግ አለ። ግቢ የተከመረውን እንጨት መልሶ ያረጥበዋል። ስለዚህ ባህር ዛፉን ጥቅምት ላይ ቆርጣችሁ ፍለጡ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። አናቱን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍኑ፣ ጎኑ ይተንፍስ። ለሐምሌ ብርድ ይደርሳል።

ማገዶ ለመቆጠብ እሳቱን አፍነው የሚያሳድሩም አሉ። ክሪዮሶትን የሚያከማቸው ግን ይኸው የታፈነ እሳት ነው። ትንሽ ሆኖ በደንብ የሚነድ እሳት ይሻላል። ላምባና ፌስታል ወደ ምድጃው አይጠጉ።

ጥላሸቱ 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ይጠረግ። ባይወፍርም በዓመት አንዴ ይታይ። እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ፤ ጣሪያው ደረቅ ስለሆነ የሚወጣው ሰው አይንሸራተትም። የሚያብረቀርቀውን ብሩሽ አይነቅለውም። ቱቦው የቆርቆሮ ከሆነ ቀይሩት። የግንብ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሩ፤ በመዶሻ እየደበደባችሁ እንዳትሰነጥቁት።

ቱቦው እንደ ወንዝ ያጓራል

ጭስ ማውጫው ራሱ ተያይዟል ማለት ነው። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ እሳት አደጋ ይጠራ። የምድጃው በር ወይም የአየር መግቢያው በቅርብ ካለ ዝጉት። ውሃ ወደ ቱቦው አትድፉ። የጋለው ግንብ ይሰነጠቃል፣ እንፋሎቱም ሰው ያቃጥላል። እሳቱ ቢጠፋም ግንበኛ ውስጡን ሳያይ ዳግመኛ አታንድዱ።

ኮርኒሱ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ይፋጃል

እንጨት ለጭስ ማውጫው ቀርቧል። በየቀኑ የሚሞቅ ወራጅ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ አንድ ሌሊት ላይ ይያያዛል። ከግንብ ጭስ ማውጫ እንጨት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከነጠላ ቆርቆሮ ቱቦ ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር። ይህን «ነገ አሠራዋለሁ» አትበሉት። እስኪስተካከል እሳቱ ይቅር።

ቤተሰቡን ሁሉ ራሱን ያመዋል

አንድ ሰው ቢያመው ጉንፋን ነው ይባላል። ሁሉም በአንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚጠረጠረው። መርዛማ ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከተደፈነ ጭስ ማውጫም፣ ከከሰል ምድጃም ይመጣል። ከሰል ጭስ የለውም ብላችሁ አትመኑት። ሕፃናቱንና ነፍሰ ጡሯን ይዛችሁ ወዲያው ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ቡና የተፈላበትን ከሰል መኝታ ቤት አስገብታችሁ በጭራሽ አትተኙ።

ስለ አመዱ

ረመጥ አመድ ውስጥ ለቀናት ፍም ሆኖ ይቆያል። አመዱን በማዳበሪያም በካርቶንም አታውጡት። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጉና ከቤቱም ከማገዶውም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ጓሮ ይበተናል።