የመዝሙር ግጥም ሲጻፍ ጆሮ የሚይዛቸው ስህተቶች

ወረቀት ላይ ያማረ ግጥም ዜማ ሲገባበት ይሰናከላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሐሳቡ አይደለም፤ የድምፁ ነው።

ፊደል መቁጠር። ጆሮ የሚሰማው ቀለምን (ቃሉ ሲነገር የሚከፈልበትን የድምፅ ቁራጭ) እንጂ ፊደልን አይደለም። «እግዚአብሔር» ሲጻፍ 7 ፊደል ነው። ሲነገር ግን እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር ብሎ በ4 ያልቃል። ስለዚህ ጮክ ብለው እያነበቡ በጣትዎ ይቁጠሩ። በወል ቤት፣ ማለትም በተለመደው የአማርኛ ግጥም ምጣኔ፣ አንድ ስንኝ 6 እና 6 ቀለም ነው፦

በጨለማው መሀል / ብርሃን አበራልኝ

ፊደሉ 17፣ ቀለሙ 12። ዘማሪው መሀል ላይ ያርፋል። አንድ ቃል እዚያ ማረፊያ ላይ ተጋድሞ ከተገኘ ስንኙ ተሰበረ።

በቅጥያ ብቻ ቤት መምታት። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ በጣም የሚያሰለቸኝም ይኸው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ልኝ» እና «ኸኝ» በነጻ ይገኛሉ። ከላይ ያለውን ስንኝ «መንገዴን እያየ ከፊት ቀደመልኝ» ቢከተለው ቤቱ መትቷል። የገጠመው ግን «ልኝ» ብቻ ነው። ይህኛውን ይዩት፦

ልቤ ሸፍቶ ነበር / አሁን ተገራልኝ

አሁን «ራልኝ» ከ«ራልኝ» ገጠመ። አንድ ፊደል ነው የተጨመረው፤ ግጥሙ ግን ከቅጥያው አልፎ ግሱ ውስጥ ገባ። ሁሉም ስንኝ በ«ልኝ» የሚያልቅ መዝሙር እንቅልፍ ያመጣል።

መጥበቅና መላላትን መርሳት። «ጌታ አለ» ሲባል «ለ» ከጠበቀ ጌታ መኖሩን ይመሰክራል። ዜማው ካላላው ግን ጌታ ተናገረ ማለት ይሆናል፤ ምእመኑም «ምን አለ?» ብሎ ይጠብቃል።

አዝማችን በደረቅ ሳድስ (አናባቢው በማይሰማ ፊደል) መዝጋት። ድምፅ የሚረዝመው በአናባቢ ላይ ነው። «ና» ወይም «ሩ» የፈለጉትን ያህል ይሳባል። «ን» እና «ም» እንኳ ይሞከራሉ። «ት» እና «ክ» ግን ወዲያው ይቆረጣሉ።

ቀለም ለመሙላት «እኮ»ና «ኦ» መሰካትም አለ። ይሰረዙ፤ ሌላ ቃል ይፈለግ።

የውጭ መዝሙርን ከነዜማው ቃል በቃል መተርጎም። ብዙ የእንግሊዝኛ መዝሙሮች 8፣ 6፣ 8፣ 6 ቀለም እያፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ቃላቸውም አጫጭር ነው። የእኛ ግስ ግን ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም አብሮ ይሸከማል። «አላስጨነቀኝም» ብቻውን 6 ቀለም ነው፤ አንዱን መስመር ሙሉ በላ። እንዲህ ሲሆን ግማሹን ሐሳብ ትቶ አንዱን ብቻ በደንብ መግጠም፣ ወይም ለአማርኛው የራሱን ዜማ መፈለግ ይሻላል።