የድሮ ፋብሪካ ፊት ሲታደስ የሚሠሩ ስህተቶች

የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ አቃቂ ቀስ በቀስ የፋብሪካ ሰፈር ሆነች። በዚያ ሳልፍ የሚያሳዝነኝ የፈረሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ታደሰ ተብሎ የተበላሸውም ያንገበግበኛል።

ትልቁ ስህተት ሲሚንቶ ነው። በኖራ የተገነባ ግድግዳ ይተነፍሳል። ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋ ላይ በጡቦቹ መካከል ባለው መጋጠሚያ በኩል ያወጣል። ግንበኛው ግን ይጠንክር ብሎ ፖይንቲንጉን፣ ማለትም የመጋጠሚያውን ሙሌት፣ በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ጨው ይዞ በጡቡ በኩል ይወጣል። ጨው ሲደርቅ ደግሞ የጡቡን ፊት እየገፋ ያራግፈዋል። ውሎ አድሮ ሲሚንቶው እንደቆመ ጡቡ ተበልቶ ታገኙታላችሁ። መጋጠሚያው ከጡቡ ይልቅ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ቢያረጅ እሱን መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ኖራና አሸዋ ተጠቀሙ። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ሥራውንም ዝናቡ ካባራ በኋላ ጀምሩ።

በሳንድ ብላስት፣ ማለትም አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ፣ ማጽዳት ሌላው ጥፋት ነው። ጡብ ሲተኮስ ውጩ ይጠነክራል። ያንን ቆዳ ከገፈፋችሁት ውስጡ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። ለስላሳ ብሩሽና ውሃ አብዛኛውን ቆሻሻ ያነሳል። ፕላስቲክ ቀለም መቀባትም ያው ግድግዳውን ማፈን ነው።

አሸንዳውን ሳይጠግኑ ግድግዳ መንካት ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ።

የብረት መስኮቶቹን ነቅሎ አሉሚኒየም መግጠም ደግሞ በጣም ተለምዷል። እባካችሁ ተዉ። ዝገቱ ይፈቅ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ የተሰበረው መስታወት ይተካ። ትንንሾቹ መስታወቶች ከሄዱ ፋብሪካው ፋብሪካ አይመስልም።

የፊቱን ግድግዳ እንዳለ ትቶ ከኋላ አዲስ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግድግዳውን ሳይደግፍ የኋላውን ማፍረስ የለበትም። ያንን ግድግዳ ቀጥ አድርገው የያዙት ጣሪያውና የውስጥ ግድግዳዎቹ ናቸው። ድጋፉን መሐንዲስ ያስላው። ከማፍረስ በፊት ልኬትና ፎቶ ይወሰድ።

ፈቃድም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ሊፈቅድ ይገባል።

በመጨረሻ፣ በሩ አናት ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም አትለስኑት። ቢደበዝዝም ይቆይ። እዚያ የሠሩ እናትና አባቶች ዛሬም በሰፈሩ አሉ፤ ሲያልፉ ቀና ብለው ያነቡታል።