የቤት ኪራይ ማመልከቻ፦ ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅ ያለብዎት፣ ከከፈሉ በኋላ በእጅዎ መቅረት ያለበት

አከራይና ተከራይ ብዙውን ጊዜ የሚካሰሱት ቤት ሲለቀቅ ነው። የክሱ መነሻ ግን ማመልከቻው በተሞላበት ሳምንት ያልተጠየቀ ጥያቄ፣ በቃል የቀረ ስምምነት ወይም ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ቀብድ ሆኖ ይገኛል። ሕጉ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ይለያያል። ቅደም ተከተሉ ግን የትም ይሠራል፤ የክፍያ ጣሪያውንና የቀን ገደቡን በሚከራዩበት ከተማ ያጣሩ።

1. ገቢዎ ይበቃ እንደሆነ ቀድመው ያስሉ

በአሜሪካ ብዙ አከራዮች ከግብር በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ የተለመደው ስሌት ዓመታዊ ገቢው የወር ኪራዩን 30 እጥፍ እንዲሆን ነው። ኪራዩ 1,000 ቢሆን በመጀመሪያው ስሌት በወር 3,000፣ በሁለተኛው በዓመት 30,000 ማሳየት ይጠበቃል ማለት ነው። ገቢዎ ካልደረሰ ዋስ ወይም አብሮ የሚፈርም ሰው ይቀበሉ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ፤ ካልተቀበሉ የማመልከቻ ክፍያው በከንቱ ይቀራል።

መታወቂያ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የደመወዝ ማስረጃ፣ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤና የቀድሞ አከራይ ስልክ ያዘጋጁ። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው በደመወዝ ማስረጃው ፈንታ የሁለት ዓመት የግብር ሰነድ ያቀርባል። የሚሰጡት ሁልጊዜ ቅጂውን ነው፤ ዋናው ከእጅዎ አይውጣ።

2. መስፈርቱን በጽሑፍ ይጠይቁ

ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው እርምጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ ዝቅተኛው ገቢ ስንት ነው? የክሬዲት ነጥብ (ብድርና ዕዳ በጊዜው የመክፈል ታሪክ የሚለካበት ቁጥር) ይታያል? ቤቱ ስንት ሰው ይይዛል? ከእኔ በፊት ያመለከተ አለ? ካልተቀበላችሁኝ ክፍያው ይመለሳል? መልስ የምትሰጡኝ በስንት ቀን ነው?

ከዚህ ሁሉ ከእኔ በፊት ያመለከተ አለ ወይ የሚለውን እንዳይረሱ። ለአንድ ቤት ከአሥር ሰው ክፍያ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ቤቱን የሚያገኘው ግን አንድ ነው። በእንግሊዝ ከጁን 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አከራይም ሆነ ወኪል ለማመልከቻ ወይም ለማጣሪያ (የአመልካቹን ታሪክ ለመመርመር) ማስከፈል አይችልም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ማስከፈል ይፈቀዳል፤ አንዳንዶቹ የገንዘቡን መጠን ይወስናሉ።

የጽሑፍ መልሱ ሌላም ጥቅም አለው። አከራዩ ለእርስዎ አንድ መስፈርት፣ ለሌላው ሌላ መስፈርት አውጥቶ ከሆነ የሚያጋልጠው ይኸው ጽሑፍ ነው።

3. ቤቱን ሳያዩ ገንዘብ አይላኩ

ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ በጣም የወረደ፣ ባለቤቱ ሩቅ ነኝ የሚል፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ የሚል ከሆነ ማጭበርበር ነው ብለው ይነሱ። ውስጡን ይግቡና ይዩ፤ አከራይ ነኝ የሚለው ሰው ስም በባለቤትነት መዝገቡ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ወኪል ከሆነ ውክልናውን ያሳይዎት።

4. የአከራይ መብት እስከ የት ነው?

አከራይ ሥራዎን፣ ገቢዎን፣ የዕዳ ታሪክዎንና የቀድሞ ኪራይዎን መጠየቅ ይችላል። ማጨስ መከልከል፣ ከልክ በላይ ሰው እንዳይኖር መወሰንም መብቱ ነው። የማይፈቀድለት በማንነትዎ መዝኖ መከልከል ነው። በአሜሪካ በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ምክንያት ቤት መንፈግን ይከለክላል። ጾታ በ1974፣ አካል ጉዳትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ መሆን ደግሞ በ1988 ተጨመሩ። ስለዚህ «ልጅ ላለው አናከራይም» የሚል አከራይ፣ ሕጉ ለይቶ ከፈቀዳቸው እንደ አረጋውያን መኖሪያ ካሉ ቤቶች በስተቀር፣ ሕግ እየጣሰ ነው።

ችግሩ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ጥቂት መሆኑ ነው። የሚባለው «ቤቱ ተይዟል» ነው። ያን ቀን ማስታወቂያው አሁንም እንዳለ ያዩት እንደሆነ ፎቶ ያንሱት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እንደመለሰልዎ ወዲያው ይጻፉ። በአሜሪካ ለፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት አቤት ለማለት ያለዎት ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

5. ካልተቀበሉዎት ምክንያቱን ይጠይቁ

በአሜሪካ አከራይ በክሬዲት ወይም በማጣሪያ ሪፖርት ተመሥርቶ ከከለከለዎ፣ ሪፖርቱን ያወጣውን ድርጅት ስምና አድራሻ ሊያሳውቅዎ ይገደዳል። ከዚያ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቁ ሪፖርቱን በነጻ ያገኛሉ። ስሕተት ካለበት ለድርጅቱ በጽሑፍ ይቃወሙ፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት።

ሪፖርቱ ሲደርስዎ መጀመሪያ ስሙን ይዩ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ሌላ ዓይነት ይሆናል፤ የአባት ስም አንዳንዴ እንደ ቤተሰብ ስም፣ አንዳንዴ እንደ መካከለኛ ስም ይመዘገባል። በዚህ ምክንያት የሌላ ሰው ዕዳ በእርስዎ ስም ሊመጣ፣ የራስዎ መልካም ታሪክ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። ማመልከቻው ላይ ስምዎን ፊደል በፊደል መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፉ።

6. ቀብድና መያዣ

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቀብድ ውል እስኪፈረም ቤቱ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚከፈል ነው፤ መያዣ ደግሞ ከውሉ በኋላ ለጉዳትና ላልተከፈለ ኪራይ የሚቀመጥ። ደረሰኙ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ አከራዩ ቀብድዎን ይዞ ሊቀር ይችላል።

በእንግሊዝ ቀብድ ከአንድ ሳምንት ኪራይ አይበልጥም፤ በሌላ ቀን ካልተስማሙ በቀር ውሉ በ15 ቀን ውስጥ መፈረም አለበት። መያዣው፣ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ከአምስት ሳምንት ኪራይ አያልፍም፤ በተፈቀደ የመያዣ ጥበቃ ሥርዓትም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በጀርመን ጣሪያው ማሞቂያና መሰል ወጪ ሳይጨመር የሦስት ወር ኪራይ ነው፤ ተከራዩም በሦስት ወር ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ጥቂት ቤት ካላቸው አንዳንድ አከራዮች በስተቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ አይቻልም።

በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል በባንክ ማስተላለፍ ይሻላል። ደረሰኙ መጠኑን፣ ቀኑን፣ የቤቱን አድራሻ፣ የክፍያውን ዓይነትና የሚመለስበትን ሁኔታ ይያዝ።

7. ውል ሲፈርሙና ቁልፍ ሲቀበሉ

በቃል የተባለልዎ ሁሉ፣ «ቀለም እንቀባልሃለን» የሚለው ጭምር፣ ውሉ ውስጥ ይግባ። ባዶ ቦታ ባለበት ወረቀት አይፈርሙ፤ የተፈረመበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ።

ዕቃ ሳይገባ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ያንሱ፦ ግድግዳ፣ ወለል፣ መስኮት፣ ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ቧንቧ፣ የምድጃውን ውስጥ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ። በመልካም አያያዝ የሚመጣ ተራ እርጅና በብዙ አገር ከመያዣ አይቀነስም፤ ተራ እርጅና መሆኑን የሚያሳየው ግን ሲገቡ የነበረው ፎቶ ነው። ፎቶዎቹን በዚያኑ ዕለት ለአከራዩ በኢሜይል ይላኩ፤ ቀኑ በራሱ ይመዘገባል።