ንፍሮው ይዘገያል፣ ሊጡ ይቸኩላል፦ የባህር ዳር ጓዳ ችግርና መፍትሄ

ባህር ዳር ውስጥ ሙሉ እህል የሚያበስል ሰው ሁለት ተቃራኒ ነገር ይገጥመዋል። ድስት ውስጥ ያለው ይዘገያል፤ ቡሃቃ ውስጥ ያለው ይቸኩላል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አየሩ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይሞቃል። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኛችሁት የማብሰያ ሰዓትም፣ አዲስ አበባ ያለች አክስት በስልክ የሰጠችው የሊጥ ምክርም እንዳለ አይሠራም።

ንፍሮው ግማሽ ቀን ተጥዶ አሁንም ድንጋይ ነው

መጀመሪያ አንድ ፍሬ ስንዴ አውጥታችሁ በጥፍራችሁ ክፈሉት። መሃሉ ነጭ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ውሃው ገና አልደረሰውም፤ ሳይዘፈዘፍ ተጥዷል ማለት ነው። ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ጣዱት።

ስንዴው አብጦ ባቄላውና ሽምብራው ብቻ ከጠነከሩ፣ ጥፋቱ ሁሉንም አንድ ላይ መጣድ ነው። ጥራጥሬው ቀድሞ ይግባ፤ ስንዴው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይከተል። ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ያጠነክራል፤ ከበሰለ በኋላ ጨምሩ።

እሳት መጨመር አይረዳም። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያው 94 ነው፤ የሚያልቀው ከሰሉ ነው። ክዳኑን ግጠሙና እሳቱን ቀንሱ። ውሃ ካነሰው የፈላ ጨምሩ እንጂ ቀዝቃዛ አትድፉበት። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ተገላገለ፤ ግፊቱ ውሃውን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ባቄላው ከርሞ ከሆነ ግን መዘፍዘፍም ብዙ አይመልሰውም። ከእሱ ጋር ከሰል አትጨርሱ፤ ቆልታችሁ ለሽሮ አስፈጩት።

ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምታዘጋጁ ደግሞ ስንዴውን ረቡዕ ማታ ዘፍዝፉ። ክኩ ባቄላ ልጣጭ ስለሌለው ቶሎ ይፈርሳል፤ ለብቻው ቢቀቀል ይሻላል።

ኪንጬው ገንፎ ሆነ

ከኪንጬው ዱቄቱ አልተነፋም ወይም ማማሰሉ በዝቷል። ንፉት፣ በጥቂት ዘይት እስኪሸት አመስ አመስ አድርጉት፣ ለአንድ ኩባያ ሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ በኋላ አትንኩት። ካወረዳችሁት በኋላ 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ።

የዳጉሳ እንጀራ ይሰነጣጠቃል፣ አፍ ይይዛል

ዳጉሳ በጎጃም ከጠላ ባሻገርም ቦታ አለው፤ ግን ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ ይተወዋል። ያሳዝናል፣ ጥፋቱ የእህሉ አይደለምና። ጤፍም ዳጉሳም እንደ ስንዴ የሚያያይዝ ግሉተን የላቸውም። ሊጡን የሚይዘው አብሲቱ ነው። አብሲቱ ከቀጠነ ወይም ሳይበስል ከወረደ እንጀራው አይን አያወጣም፣ በማግስቱም ይሰነጣጠቃል። ከቦካው ሊጥ ቀንሳችሁ በፈላ ውሃ እያማሰላችሁ አብስሉት። ማማሰያው ላይ ወፈር ብሎ ሲይዝ አውርዱት። ለብ ሲል መልሳችሁ ቀላቅሉትና ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

ወፍጮ ቤት አልመው እንዲፈጩላችሁ ንገሩ። ለጀማሪ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዳጉሳ ይበቃል። አፍ የሚይዘው በእህሉ ውስጥ ያለ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ይበዛል። ከከበዳችሁ ገበያ ላይ ነጩን ጠይቁ።

ሊጡ ሳይታሰብ ኮመጠጠ

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቀን አትቁጠሩ፤ ሊጡን እዩት። ውሃው ከላይ ካቀረረ ደርሷል። እርሾ ቀንሱ፣ ቡሃቃውን ከምድጃው አርቁ። የኮመጠጠውን ለማዳን ያቀረረውን ውሃ ድፉና በንጹህ ውሃ ተኩት።

ዱቄቱ መረረ፣ ሸተተ

ከነልጣጩ የተፈጨ ስንዴ የፍሬውን ዘይት ይዞ ስለሚቀር በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ እንዳለ ከታሰረ ያልበዋል፣ ይሻግታል። እጃችሁን ከተቱበት፤ ሙቀት ከተሰማችሁ አፉን ከፍታችሁ አቀዝቅዙ። ጥቂት ጥቂት አስፈጩ። የመረረውን መድፋት ነው፣ መላ የለውም።

ሆድ ይነፋል

ከነጭ ዱቄት በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ እህል ከተሻገራችሁ ይጠበቃል። በየሳምንቱ ጨመር አድርጉ፣ ውሃ ጠጡ።

ሩዙ በ20 ደቂቃ አልበሰለም

ገበያ ላይ የምታገኙት የፎገራ ነጭ ሩዝ ከገለባው ሌላ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ልጣጭም ተወግዷል፤ ሙሉ እህል አይባልም። ቡናማው ከተገኘ ግን ከ45 ደቂቃ በታች አትጠብቁት። አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ከነጩ ሩዝ ጨመር አድርጉ፣ ክዳኑን አትክፈቱ።